ድሃ አይከፍልም? ስለ ማይክሮፋይናንስ የሚወራውና ሒሳቡ

አንዲት ነጋዴ 10,000 ብር ተበደረች እንበል፤ ለ12 ወር፣ በፍላት 12 በመቶ ወለድ፣ በየወሩ እኩል የሚከፈል። ስለ ማይክሮፋይናንስ፣ ማለትም ለድሃው አነስተኛ ብድር ስለሚሰጡ ተቋማት፣ የሚወሩትን አባባሎች በዚህች ብድር እንፈትሻቸው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተያዙ ናቸው፤ ስሌቱ ግን በየቅርንጫፉ የሚሠራው ነው።

«ወለዱ 12 በመቶ ነው»

አይደለም። በፍላት ስሌት ወለዱ የሚታሰበው መጀመሪያ በተወሰደው 10,000 ላይ ስለሆነ 1,200 ብር ይሆናል፤ ወርሃዊ ክፍያውም 933 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። ነጋዴዋ ግን በስድስተኛው ወር ዋናውን ግማሹን መልሳለች፤ ወለዱን አሁንም የምትከፍለው በሙሉው ነው። ወለዱ ገና ባልተመለሰው ዋና ላይ ብቻ በሚታሰብበት በቀሪ ሒሳብ ስሌት (ዲክላይኒንግ በሚባለው) ሲተረጎም 21.5 በመቶ ገደማ ይመጣል። ከብድሩ ላይ 1,000 ብር ወለድ የማይታሰብለት የግዴታ ቁጠባ ተብሎ ቀድሞ ከተያዘ ደግሞ በእጇ የገባው 9,000 ነው፤ እውነተኛው ዋጋ ወደ 26 በመቶ ይጠጋል። ውል ከመፈረም በፊት «ፍላት ነው ወይስ ዲክላይኒንግ?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያሳፍርም።

«ወለድ የሚቆልሉት ስለሚስገበገቡ ነው»

ከዋናው በየወሩ ስለሚመለስ በዓመቱ በአማካይ ደንበኛዋ ዘንድ የሚቆየው ገንዘብ 5,417 ብር ገደማ ብቻ ነው። የብድር ባለሙያው ማመልከቻ ይቀበላል፣ የሥራ ቦታዋን ሄዶ ያያል፣ ውል ያዘጋጃል፣ 12 ጊዜ ክፍያ ይከታተላል፣ ስትዘገይ ቤቷ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በትንሹ 800 ብር ያስወጣል እንበል። ከቆጣቢዎች የተሰበሰበው ገንዘብ 7 በመቶ ወለድ ቢከፈልበት 379 ብር ነው። ከመቶው 2 ብር ሳይመለስ ቢቀር 200 ብር ይጨመራል። ወጪው 1,379፣ ገቢው 1,200። ተቋሙ በዚህች ብድር 179 ብር ከስሯል።

ብድሩን 15,000 እናድርገው። የባለሙያው ድካም ያው 800 ብር ነው። የገንዘቡ ወለድ 569፣ የማይመለሰው 300፣ በድምሩ 1,669፤ ገቢው ደግሞ 1,800። አሁን 131 ብር ትርፍ አለ። ትንሽ ብድር ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የተበዳሪው ድህነት በራሱ አያስወድደውም።

ስግብግብነት የለም ለማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 አክሲዮኑን ለገበያ ያቀረበው የሜክሲኮው የማይክሮፋይናንስ ባንክ ኮምፓርታሞስ ከተበዳሪዎቹ በዓመት ከ80 በመቶ በላይ ያስከፍል ነበር። ያንን በ800 ብር ወጪ ማስረዳት አይቻልም።

«ድሃ አይከፍልም»፣ ደግሞም «98 በመቶ ስለሚመልሱ ተቋሙ ጤነኛ ነው»

ሁለቱም ያሳስታሉ። ክፍያ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጊዜው ስላልተገጣጠመ ነው። ለበሬ ማድለቢያ የተሰጠ ብድር በዐቢይ ጾም መካከል ከተጠየቀ ገበሬው በሬውን ሥጋ በማይፈለግበት ሰሞን ይሸጣል፤ ቀኑ ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ኖሮ ያው ሰው ያለ ጭቅጭቅ ይከፍል ነበር።

98 በመቶ የሚለው ቁጥርም የብድሩ ዕድሜ ካልተጠቀሰ ትርጉም የለውም። ያው 10,000 ብር በየሳምንቱ እየተከፈለ በሦስት ወር የሚያልቅ ቢሆንና በዓመት አራት ጊዜ ቢዞር፣ በየዙሩ 200፣ በዓመት 800 ብር ይጠፋል። ይህም ተበዳሪዎች ዘንድ በአማካይ ካለው ገንዘብ 15 በመቶ ገደማ ነው። የሚያዋጣው መለኪያ ከ30 ቀን በላይ የዘገዩ ብድሮችን ሙሉ ቀሪ ሒሳብ መቁጠር ነው። ነጋዴዋ አራት ወር ከፍላ አምስተኛው ላይ ብትቆም፣ የመመለሻ መጠኑ የሚያሳየው የቀረችውን 933 ብር ነው፤ አደጋ ላይ ያለው ግን 6,667 ብር ዋና ነው። አዲስ ብድር ተሰጥቷት አሮጌውን ብትዘጋበት ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፤ ችግሩ በወረቀት ላይ ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ነው ውላቸው የተራዘመና የታደሰ ብድሮች ለብቻቸው መታየት ያለባቸው።

«ርካሽ ገንዘብ ቢመጣ ሁሉም ይስተካከላል»

ከላይ በ10,000 ብሩ ብድር ላይ ለቆጣቢዎች የተከፈለውን 379 ብር ወለድ እንሰርዝ፤ ገንዘቡ በነጻ መጣ። ትርፉ 200 ብር ሆነ። መልካም። ነገር ግን ተበዳሪው «የመንግሥት ገንዘብ ነው» ብሎ መመለሻው ከ98 ወደ 94 በመቶ ቢወርድ የማይመለሰው 600 ብር ይደርሳል፤ ተቋሙም 200 ብር ይከስራል። ወለድ ከፍሎ ከሰበሰበው የቆጣቢ ገንዘብ የባሰ ኪሳራ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በየቦታው የገጠመው የመመለስ ችግር ከዚህ አይርቅም፤ ስሙ «ተዘዋዋሪ» ነው፤ ካልተመለሰ የሚዘዋወር ነገር የለም። የጎረቤት ቁጠባ ሲሆን ግን ቀልድ የለም። የኢትዮጵያ ተቋማት ከአዋጅ ቁጥር 40/1988 ጀምሮ ቁጠባ መሰብሰብ መቻላቸው ትልቅ ጥቅም የሆነው ለዚህም ነው።

«የቡድን ዋስ ካለ ብድር አይጠፋም»

እንደ ነጋዴዋ ተበድረው እርስ በርስ ዋስ ከሆኑ አምስት ሰዎች አንዱ ወርሃዊ ክፍያውን ቢያስቀር አራቱ 233 ብር፣ 233 ብር ይጨምራሉ፤ ይቻላል። ሁለት ቢቀሩ ግን ለሦስቱ ከራሳቸው 933 ሌላ 622 ብር ይደርሳቸዋል። ያኔ ደህና ከፋይ የነበረውም ያቆማል። በህንድ አንድራ ፕራዴሽ አንድ ቤተሰብ ከብዙ አበዳሪ ይበደር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የክልሉ መንግሥት ጣልቃ ሲገባ ለዓመታት ሲመለስ የነበረው ብድር በወራት ውስጥ ቆመ ማለት ይቻላል።

«ትልቅ ብድር ከጀመሩ ድሃውን ትተዋል»

የአማራው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ፀደይ ባንክ፣ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ስንቄ ባንክ ሲሆኑ ይህ በብዛት ተነስቷል። የብድር አማካይ መጠን ብቻውን ግን መልስ አይሆንም፤ የመጀመሪያ ብድሯን ጨርሳ ለሦስተኛ የመጣች ደንበኛም አማካዩን ከፍ ታደርገዋለች፤ ፋይሏ ስላለም ወጪዋ ያነሰ ነው። መጠየቅ ያለበት ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተበደሩት ስንት እንደሆኑና ስንት ብር እንደወሰዱ ነው።