የባሕሩ አውሎ ነፋስ እና የቆቦ ማሽላ

ስለ ሃሪኬን (ከሞቀ ባሕር ላይ ስለሚነሳው ግዙፍ አውሎ ነፋስ) በዜና ሲወራ ወሎ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። አንዱ በተለይ ያንገበግበኛል። ከእሱ ልጀምር።

«ባሕር የለን፣ ምን አገባን?»

የ2013ን ጥቅምት የራያ ቆቦ ሰው አይረሳውም። የደረሰ ማሽላ ላይ አንበጣ ወረደ። ልጅ አዋቂው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ ቢሯሯጥም ስንቱ ማሳ አገዳው ብቻ ቀረ። የዚያ ወረራ ሥር ግን ሩቅ ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለ ሳይክሎን ኦማንን መታ። (ሳይክሎንና ሃሪኬን አንድ ናቸው፤ ስማቸው እንደ ባሕሩ ይለያያል።) ሰው በማይኖርበት የአረቢያ በረሃ፣ በአሸዋው መሀል ዝናቡ ውሃ አቆረ፤ ሣር በቀለ። ጥቅምት 2011 ላይ ሉባን የተባለው ደገመው። አንበጣው ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ አፍሪካ ቀንድ ተሻገረ። እኛ ዘንድ የደረሰው እንዲህ ነው። ታዲያ እንዴት አያገባንም?

«ዓለም ሲሞቅ ሃሪኬን ይበዛል»

ዋናው ነገር ብዛቱ ሳይሆን ጉልበቱ ነው። ሃሪኬን እንዲፈጠር የባሕሩ ውሃ 26 ወይም 27 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን ሙቀት ይለቃል፤ ነፋሱን የሚያሽከረክረው ይኸው ሙቀት ነው። ባሕሩ በሞቀ ቁጥር ቀለቡ ይጨምራል። ሳይንቲስቶች የሚጠብቁት ጠቅላላ ቁጥሩ ብዙም ሳይጨምር፣ ምናልባትም ቀንሶ፣ ከሚነሱት መካከል የኃይለኞቹ ድርሻ ከፍ እንዲል ነው። ይህ ማለት ግን መኩኑን የወለደው የዓለም ሙቀት ነው ማለት አይደለም። ሙቀቱ ሳይጨምርም ሳይክሎን ይነሳል።

«የሚገድለው ነፋሱ ነው»

ብዙ ጊዜ ውሃው ነው። አየር 1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላል። ስለዚህ ዝናቡ ይከብዳል። መጋቢት 2011 ላይ ኢዳይ የተባለው ሳይክሎን ሞዛምቢክን ሲመታ ጎርፉ ሜዳውን ሐይቅ አስመሰለው።

«ቆቦ ሜዳ ላይ የሚሽከረከረው አቧራም ያው ነው»

አይደለም። እሱ ፀሐይ ያጋለው መሬት የሚያስነሳው ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። ሃሪኬን ግን በመቶ ኪሎ ሜትሮች ይሰፋል። የብስ ላይ ሲወጣ እንፋሎቱ ስለሚቋረጥበት ይደክማል። ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በግንቦት 2010 ሶማሌላንድ ላይ ወጥቶ ተዳከመ፤ ርዝራዡ ግን ከባድ ዝናብ ይዞ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ገብቷል።