የሙግት መልስ፦ ከዋርካ ሥር እስከ እድር ስብሰባ

አንድ ሰው ሐሳብ ሲያቀርብ ሌላው በምክንያት ሲቃወመው፣ ያ መቃወሚያ ብዙ ስም አለው። በትምህርት ቤት ተቃራኒ መከራከሪያ ይባላል። በፍርድ ቤት መልስ ወይም መቃወሚያ ነው። በሰፈር ደግሞ «እሺ፣ ግን…» ብሎ ይጀምራል። ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው። የተናጋሪውን ነጥብ በትክክል ይይዛል፤ ከዚያ ማስረጃው እንደማይበቃ ወይም የተረሳ ነገር እንዳለ ያሳያል። ስድብ መልስ አይሆንም። ወሬ ማስቀየርም እንደዚያው።

ይህ ነገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። እንዲያውም እንደ ትልቅ ሙያ የሚታይ ነበር። በድሮው የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ፣ ብዙ ጊዜ በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ዳኛ ፊት ይቆማሉ። ልብስ በወጉ ይለበሳል፤ ዘንግ ይያዛል። አንዱ «በላ ልበልሃ!» ብሎ ይጀምራል። «በል እስቲ፣ እኔም ልበልህ» እንደማለት ነው። ቃሉ ቤት እየመታ ይወርዳል። ዘንጉ መሬት ይመታል። ተሟጋቹ ወደፊት ይራመዳል፣ ይመለሳል፣ እጁን ያነሳል። ሲጨርስ ተራው የሌላው ነው። ዳኛው ከመፍረዱ በፊት በቦታው የተገኙት ሰዎች ከታናሽ እስከ ታላቅ አስተያየት ይሰጡ ነበር። ስለዚህ የተሟጋቹ መልስ ዳኛውን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን የቆመውንም ሰው ማሳመን ነበረበት።

«ተጠየቅ» የሚባለው ስልት ከዚህ ጠበቅ ይላል። አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ሌላው «ልጠየቅ» ይላል። ከዚያ በኋላ መሸሻ የለም። የተጠየቁትን ትተው ሌላ ነገር ሲያወሩ ሰው ሁሉ ያያል። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚባለው ተረት እዚህ ቦታ በደንብ ይገባል። ሎጂክን ዛሬ በአማርኛ ተጠየቅ የምንለው በዚሁ ቃል ነው። እኔ ይህን ስያሜ በጣም እወደዋለሁ። ማሰብ መጠየቅንና መልስ መስጠትን እንደሚፈልግ ቃሉ ራሱ ይነግረናል።

ተሟጋቾች በነጥቡ ላይ ይወራረዱም ነበር። ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይያዛል፤ የተረታው ይከፍላል። እንዲህ ሲሆን ሰው ያላጣራውን ነገር በድፍረት አይናገርም።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሙግቱን ወደ ወረቀት አምጥቶታል። ከሳሽ ክሱን ይጽፋል፤ ተከሳሽ የመከላከያ መልሱን ይጽፋል። ሆኖም የድሮው ጥብቅነት አልጠፋም። ተከሳሽ «ክሱ በሙሉ ሐሰት ነው» ብሎ በደፈናው ቢያልፍ አይበቃውም። እያንዳንዱን ነጥብ ለይቶ መካድ አለበት። ለይቶ ያልካደው እንዳመነ ይቆጠርበታል።

የቤተ ክህነት ሊቃውንት ደግሞ ተቃዋሚ ሳይመጣ ተቃውሞውን ራሳቸው ያነሳሉ። የቅዱሳት መጻሕፍትን ቃል በተለያየ መንገድ በሚፈታው በአንድምታ ትርጓሜ «ለምን ቢሉ» የሚል ቃል ደጋግሞ ይመጣል። መምህሩ ተማሪው ወይም ተጠራጣሪው ሊያነሳ የሚችለውን ጥያቄ አስቀድሞ ያነሳል፣ ይመልሳል። ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጉም ይጨምራል። ዛሬ ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም። የራስን ሐሳብ ከጻፉ በኋላ «ለምን ቢሉ» ብሎ መጻፍ ነው።

በየቀኑ ወሬ ላይ ግን ነገሩ ይበላሻል። በቅርቡ በሰፈራችን የእድር ስብሰባ ላይ ይህን አየሁ። ኮሚቴው ወርሃዊ መዋጮው ከ50 ብር ወደ 100 ብር ይደግ አለ። ምክንያቱ ድንኳኑና ወንበሩ ማርጀቱ ነው። አንድ ወጣት ብድግ ብሎ «እናንተ ድሮም ገንዘብ መሰብሰብ ነው የምታውቁት!» አለ። ጫጫታ ተነሳ። ስለ ድንኳኑ ማንም አላወራም።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ልጆቼ፣ ድንኳኑ አርጅቷል። ባለፈው ክረምት ለቀስተኛው ላይ ሲያፈስ አይቻለሁ። ወንበሩም መሰባበሩን አልክድም። ግን ድንኳን የሚገዛው አንዴ ነው። መዋጮው ደግሞ በየወሩ ነው። ለምን አንዴ አዋጥተን አንገዛም?» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ገንዘብ ያዡ «እማማ፣ ለጥገናውስ?» ሲል ጠየቀ። «እሱንም ጨምራችሁ አስሉት» አሉና ተቀመጡ። የእድሩ ዳኛ ወደ ገንዘብ ያዡ ዞረው ካልኩሌተር እንዲያወጣ ነገሩት።