በትልልቅ ሙዚቃዊ ቴአትሮች የሚደበቀው ገመድ አልባ ማይክ ምንድን ነው?

በለንደን ዌስት ኤንድ ወይም በኒውዮርክ ብሮድዌይ የቴአትር ሰፈሮች ከፊት ወንበር ተቀምጠው የተዋናዩን ግንባር አተኩረው ቢያዩ፣ ፀጉሩ ከሚጀምርበት መስመር ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነገር ብቅ ብላ ያገኟታል። ማይኩ እሷ ናት። ከእሷ የሚነሳው ቀጭን ሽቦ በዊጉ ሥር አልፎ በማጅራት በኩል እስከ ወገብ ይወርድና በትንሽ ቦርሳ ውስጥ ከታሰረው ማስተላለፊያ ጋር ይገናኛል። ማስተላለፊያው ድምፁን በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፣ ከመድረኩ ጎን ያለው መቀበያ ተቀብሎ የሁሉም ማይኮች ድምፅ ወደሚደባለቅበትና ወደሚስተካከልበት ገበታ፣ ወደ ሚክሰሩ፣ ያሳልፈዋል። ገመድ አልባ ማይክ ሲባል ይህ ሰንሰለት በሙሉ ነው፤ ድምፅ ሲጠፋም ጥፋቱ የሚፈለገው በየቀለበቱ ነው።

ለምን ግንባር ላይ? ደረት ላይ የሚሰካው ማይክ ለዜና አንባቢ ይበቃል፤ ዜና አንባቢ አይጨፍርም። ዘፋኝ ግን አንገቱን ባዞረ ቁጥር አፉ ከደረቱ ማይክ ስለሚሸሽ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ግንባር ላይ ያለችው ማይክ ከጭንቅላቱ ጋር አብራ ትዞራለች፣ ከአፍ ያላት ርቀትም አይለወጥም። ርቀቱ ራሱ ቁም ነገር ነው፦ በአፍና በማይክ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ማይኩ ጋ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል። ጉንጭ ላይ በቀጭን ዘንግ የሚወጣው ማይክ ይበልጥ ለአፍ ስለሚቀርብ ከበሮና ጊታር ለሚያይልበት ሥራ ይመረጣል፤ የ19ኛው መቶ ዓመት ቀሚስ የለበሰች ገጸ ባሕርይ ፊት ላይ ግን ዓይን ይወጋል። ተዋናዩ ራሰ በራ ከሆነ ከጆሮው በላይ ይለጠፍለታል።

አሰካኩ የዊግ ሠራተኛና የድምፅ ባለሙያ የጋራ ሥራ ነው። የተዋናዩ ፀጉር ተጠቅልሎ በዊግ ቆብ ይሸፈናል፣ ሽቦው በትንንሽ የዊግ ክሊፖች ወይም በቀጭን ላስቲክ ከቆቡ ጋር ይያዛል፣ ከዚያ ዊጉ ይጠለቃል። ማጅራት ላይ ሽቦው በሕክምና ፕላስተር ይለጠፋል፤ ከፕላስተሩ በላይ ትንሽ ልል ካልተደረገለት አንገት በተደፋ ቁጥር ማይኳ ወደ ዊጉ ውስጥ ትሳባለች። የፀጉር ስፕሬይ ሲነፋ ማይኳ መሸፈን አለባት፤ ስፕሬይና የፊት ቅባት ቀዳዳዋን ከደፈኑት ቀጭኑ የድምፅ ክፍል ይሞታል፣ «ሰ» እና «ፀ» አይለዩም። ባርኔጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ድምፁ ከባርኔጣው ከንፈር ነጥሮ ሁለተኛ ጊዜ ማይኩ ላይ ስለሚያርፍ በበርሜል ውስጥ የተነገረ ይመስላል። ለዚህም ሲባል ሚክሰሩ ላይ ለአንድ ተዋናይ ሁለት የድምፅ ማስተካከያ ይቀመጣል፤ አንዱ ባርኔጣ ላደረገበት ትዕይንት፣ አንዱ ላላደረገበት።

የማስተላለፊያው አንቴና ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። በ500 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሩቡን የሚያህለው አንቴና 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁራጭ ቦርሳ ውስጥ ከታጠፈ ወይም ላብ ካራሰው ቆዳ ጋር ከተጣበቀ ሞገዱን ሰውነት ይውጠዋል። ማስተላለፊያውን ከላብ ለመከላከል በየቴአትር ቤቱ የተለመደው መላ ቅባት የሌለው ኮንዶም ማልበስ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ልኩም ይገጥማል።

ላብ የማይክ ዋና ጠላት ነው። አንዲት ጠብታ ቀዳዳዋ ላይ ስታርፍ ተዋናዩ በዘፈኑ መሀል ትራስ አፉ ላይ የተጫነበት ይመስላል። ስለዚህ ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ሰው ትዕይንቱ እስኪያልቅ እያንዳንዱን ማይክ በየተራ በጆሮ ማዳመጫ ይከታተላል፣ በሽታውንም በድምፁ ይለያል። ድምፁ ከታፈነ ላብ ነው፤ ማይኳ ተጠርጋ በቀዝቃዛ አየር ትደርቃለች ወይም ትቀየራለች። ተዋናዩ ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ሽቦው ከመሰኪያው አጠገብ መሰበር ጀምሯል። ቁርጥ ቁርጥ እያለ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሬዲዮ ሞገድ ወይም የአንቴና ነው፣ ማይኳን መቀየር አይጠቅምም። መሪ ተዋናዮች ብዙ ጊዜ ሁለት ማይክና ሁለት ማስተላለፊያ ይዘው ይወጣሉ፤ አንዱ ሲሞት ባለሙያው ወደ ሌላው ይዞራል፣ ተመልካቹም አይነቃም።

ሠላሳ ተዋናይ ካለ ከሠላሳ በላይ የሬዲዮ ሞገድ ያስፈልጋል፣ አመራረጡም እንደ ወንበር በእኩል ርቀት መደርደር አይደለም። እንዲያውም እኩል መደርደር የከፋው ምርጫ ነው። ሁለት ማስተላለፊያዎች ሲቀራረቡ እርስ በርስ ተደባልቀው ማንም ያልላከውን ሦስተኛ ሞገድ ይወልዳሉ፤ ሒሳቡ የአንዱ እጥፍ ሲቀነስ ሌላው ነው። በ500.0 እና በ500.4 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ማይኮች 500.8 ላይ ጥላ ይጥላሉ፣ ሦስተኛው ማይክ እዚያ ከተቀመጠ ይታወካል። 501.1 ላይ ቢሆን ግን ነፃ ነው። ለሠላሳ ማይክ ይህን በእጅ ማስላት ስለማይቻል በኮምፒዩተር ይሠራል። ቦታውም እየጠበበ ነው፦ በአሜሪካ ከ600 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ሰፊ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2017 በተጠናቀቀ ጨረታ ለሞባይል አገልግሎት ስለተላለፈ ቴአትር ቤቶች እስከ ሐምሌ 2020 ድረስ ለቀው መውጣት፣ መሣሪያም መቀየር ነበረባቸው።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ነው። ትልቁ ጥበብ ያለው አዳራሹ ውስጥ ከተመልካች መሀል ሚክሰሩ ላይ በተቀመጠው ሰው ጣት ላይ ነው፤ ጥበቡም ማይክ መክፈት ሳይሆን መዝጋት ነው። በሠርግ አዳራሽ ማይኩ ሲያፏጭ የሰማ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፦ የስፒከሩ ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል። የተከፈቱት ማይኮች ቁጥር እጥፍ በሆነ ቁጥር ያለ ፉጨት ማግኘት የሚቻለው ኃይል በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከአንድ ማይክ ወደ አሥራ ስድስት ሲኬድ 12 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ሁለት ተዋናዮች ፊት ለፊት ቆመው ሲዘፍኑ የአንዱ ድምፅ በራሱ ማይክ ወዲያው፣ በሌላው ማይክ ደግሞ ትንሽ ዘግይቶ ይገባል፤ ሁለቱ ሲደመሩ አንዳንዱ የድምፅ ክፍል እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ዘፈኑም ባዶ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል።

መፍትሔው አድካሚ ነው። ባለሙያው ጽሑፉን ፊቱ ዘርግቶ ተዋናዩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ማይኩን ይከፍታል፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ይዘጋል፣ ለቀጣዩ ተናጋሪ ደግሞ ሌላውን። ቃል በቃል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ። ሚክሰሩ በየትዕይንቱ የሚያስፈልጉትን ማይኮች ብቻ ከጣቶቹ ሥር እንዲያመጣለት አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ለመቀጠል አንድ ቁልፍ ይጫናል። አንድ ቁልፍ ከዘለለ ግን ሌላ ተዋናይ ይከፈታል፣ ያኛውም ምናልባት ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ እየቀየረ እያማረረ ይሆናል። መተቃቀፍና መሳሳም ሲኖር ብልሃቱ አንዱን ማይክ ዘግቶ ሁለቱንም ሰዎች በአንዱ ማሰማት ነው።

ተመልካቹ ድምፁ ከተዋናዩ አፍ እንጂ ከስፒከር እንደማይመጣ እንዲያምን የሚደረገው በማዘግየት ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ በኤሌክትሪክ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ግን ወዲያው ይደርሳል። ተዋናዩ ከስፒከሩ 6 ሜትር ወደ ኋላ ቢቆም የራሱ ድምፅ 17 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ስፒከሩ ከዚያ በጥቂት ሚሊሰከንድ አስበልጦ እንዲዘገይ ይደረጋል። ጆሮ የድምፅን አቅጣጫ የሚወስነው ቀድሞ በደረሰው ነው። ጀርመናዊው ሄልሙት ሐስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ያጠናው ይህን ነበር፤ ከኋላ የሚደርሰው ድምፅ በ30 ሚሊሰከንድ ውስጥ እስከሆነ ድረስ፣ እስከ 10 ዴሲቤል ቢያይል እንኳ አቅጣጫው አይሰረቅም። ከሰገነት ሥር፣ ከመድረኩ 25 ሜትር ርቀው የተሰቀሉት ትንንሽ ስፒከሮችም በዚሁ ሒሳብ ወደ 73 ሚሊሰከንድ ይዘገያሉ። በደንብ የተሠራ ድምፅ እንዲህ ስለማይታወቅ ይመስለኛል፣ የብሮድዌይ ቴአትር ትልቁ ሽልማት ቶኒ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረውን የድምፅ ዲዛይን ዘርፍ ከ2014 በኋላ ሰርዞ በ2018 የመለሰው።

የድምፅ ኢፌክቶችም ለዚሁ ሕግ ይገዛሉ። ጠረጴዛ ላይ ያለ ስልክ ሲደወል ከአዳራሹ ትልልቅ ስፒከሮች ቢሰማ ማንም አያምንም፤ ትንሽ ስፒከር ከጠረጴዛው ሥር ይደበቃል። ድምፆቹ የሚለቀቁት ከኮምፒዩተር ነው፣ አንዱ ቢቆም ትዕይንቱ እንዳይቆም ሁለት ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት ነገር እያጫወቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ትእዛዙን የሚሰጠው የመድረክ አስተዳዳሪው ነው። መነጋገር በማይቻልበት ቦታ መብራት ይጠቀማል፦ በእንግሊዝ ቀይ ሲበራ ተዘጋጅ፣ አረንጓዴ ሲበራ ልቀቅ ነው፤ በአሜሪካ ግን መብራቱ ሲበራ ተዘጋጅ፣ ሲጠፋ ልቀቅ ማለት ነው። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚሄድ ሠራተኛ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህን ነው።

ጭስም ከድምፅ ሠራተኛው ጋር ይገናኛል። መሬት ለመሬት የሚንሳፈፈው ነጭ ጉም የሚሠራው በሙቅ ውኃ ውስጥ ከሚነከር ደረቅ በረዶ ነው፤ ይህ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን አንድ ኪሎው ከ500 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ከመድረኩ ጫፍ ተንሸራቶ ኦርኬስትራው ወደሚቀመጥበት ጉድጓድ ይወርዳል። ትንፋሽ የሚሹት የነሐስና የእንጨት መሣሪያ ነፊዎች ያሉት እዚያ ነው። የጋዝ መለኪያ መሣሪያው ጉድጓዱ ውስጥ በተቀመጠ ሰው አፍንጫ ቁመት ይሰቀላል፣ ከጉድጓዱ ወለል አየር የሚስብ ማራገቢያም ጉሙ ከመለቀቁ በፊት መሥራት ይጀምራል።