ጋባ ሪሴፕተር ምንድን ነው? ጭንቀትና ሱስን ምን አገናኛቸው?

ለጭንቀት ተብሎ የታዘዘ ኪኒን እንዴት ሱስ ይሆናል ብላችሁ ካሰባችሁ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሪሴፕተር ማለት የነርቭ ሴል ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ከሌላ ሴል የሚለቀቀውን ኬሚካል ተቀብሎ ሴሉ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው እሱ ነው። የዶፓሚን አለ፣ የሴሮቶኒን አለ፣ ሞርፊን የሚይዘውም ለብቻው አለ፣ ጭንቀትና ሱስ በደንብ የሚገናኙት ግን ጋባ ላይ ይመስለኛል።

ጋባ የነርቭ ሴሎች የሚለቁት ኬሚካል ነው፣ የአእምሮ ዋናው ፍሬን። ጋባ ኤ የሚባለው ሪሴፕተር ከ5 ፕሮቲኖች ተገጣጥሞ የተሠራ ሲሆን መሃሉ ቀዳዳ አለው፣ ጋባ ሲያርፍበት ቀዳዳው ይከፈትና ክሎራይድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ሴሉ እንደ ልቡ መልእክት መላክ ያቅተዋል። ይሄ አሚግዳላ የሚባለው ፍርሃትን የሚያስተናግደው ክፍል ውስጥ ሲሆን የልብ ድው ድው ማለቱም፣ ላቡም፣ ያ "አንድ ነገር ልሆን ነው" የሚለው ስሜትም ረገብ ይላል።

ለጭንቀት የሚታዘዙት እነ ዲያዜፓም (ቫሊየም ተብሎ በ1963 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው) ጋባን አይተኩም፣ እዛው ሪሴፕተር ላይ ሌላ ቦታ ይይዙና ጋባ በመጣ ቁጥር ቀዳዳው ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋሉ። አልኮልም ከሚነካቸው ነገሮች አንዱ ይሄው ሪሴፕተር ነው፣ ዓይን አፋር ሰው ሲጠጣ የሚደፍረው በከፊል ለዚህ ነው።

ሱሱስ ከየት መጣ? የደስታ ስሜት በሚፈጠርበት የአእምሮ ክፍል ውስጥ ዶፓሚን የሚለቁትን ሴሎች ያዝ የሚያደርጉ ሌሎች ሴሎች አሉ፣ እነሱ ላይ ያለው አልፋ 1 የሚባለው የሪሴፕተሩ ዓይነት ነው፣ ኪኒኑ እነዚህን ጠባቂዎች ዝም ሲያሰኛቸው ዶፓሚኑ ይለቀቃል፣ አእምሮም "ይሄን ድገመው" ይላል። ይሄ በአይጦች ላይ የታየው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገርመው ደግሞ አይጦች ላይ ጭንቀቱን በዋናነት የሚያረግበው አልፋ 2 የሚባለው ሆኖ መገኘቱ ነው፣ ስለዚህ አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ የሚነካ መድኃኒት ለማግኘት ብዙ ተለፍቷል።

ከዛ በላይ ከባዱ ነገር ግን መላመዱ ነው። ኪኒኑ በየቀኑ ለሳምንታት ሲወሰድ ሪሴፕተሮቹ ምላሻቸው ይቀንሳል፣ አነቃቂው የግሉታሜት ሲስተም ደግሞ ይበረታል፣ ድንገት ሲቆም ጭንቀቱ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስም ራስን አስቶ የሚያንፈራግጥ እስከ ሞት የሚያደርስ ነገር አለ፣ አልኮልም እንደዛው። ሰውየው ግን "ያው በሽታዬ ተነሳብኝ" ብሎ ደግሞ ይውጣል፣ ቤተሰብ ደግሞ አቅም አጣ ይለዋል፣ የአቅም ጉዳይ አይደለም በእውነት፣ ሪሴፕተሩ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ስትወስዱ ከቆያችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ከሐኪም ጋር ሆናችሁ መጠኑን ቀስ በቀስ ቀንሱ፣ ከመጠጥ ጋር ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉት፣ ሁለቱ ተደርበው ትንፋሽ ያቆማሉ።