ቡና የካፋ ነው፤ «ኮፊ» የሚለው ቃል ግን አይደለም

የቡና ላኪዎችን ብሮሹር ወደ እንግሊዝኛና ወደ ዓረብኛ በመተርጎም ነው የምተዳደረው። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጀምሩት «ኮፊ የሚለው ዓለም አቀፍ ስያሜ የተገኘው ከካፋ ነው» ብለው ነው። ይስተካከል ስል «ይሄማ ያለቀለት ጉዳይ ነው!» ይሉኛል። ያለቀለት የተባለውን ሁሉ በተራ እንየው።

«አረቢካ ስለተባለ ቡና የመጣው ከዓረብ አገር ነው።» አይደለም። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት አረቢካ ያለው፣ አውሮፓ ቡናን የምታውቀው በየመን በኩል ስለነበር ነው።

«ሞካ ማለት ቸኮላት ያለበት ቡና ነው።» ሞካ የየመን ወደብ ነው። ቸኮላቱ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ነው። የሐረር ቡናችንም ለረጅም ጊዜ በሞካ ስም ሲሸጥ ኖሯል።

«ካፑቺኖን የፈጠረው መነኩሴ ነው።» ስሙ ቀለሙን ከካፑቺን መነኮሳት ቀሚስ ጋር ከማመሳሰል የመጣ ነው። መነኮሳቱ ወተት አላፈሉም።

«ኮፊ የመጣው ከካፋ ነው።» እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው።

አውሮፓውያን ቃሉን የወሰዱት ከዓረቦችና ከኦቶማን ቱርኮች ነው። ዓረቦች ቀህዋ ይላሉ፣ ቱርኮች ካህቬ፤ ከዚያ የጣሊያኑና የፈረንሳዩ ካፌ፣ የሆላንዱና የእንግሊዙ ኮፊ፣ የፖላንዱ ካቫ፣ የፊንላንዱ ካህቪ ተከተሉ። ቀህዋ ደግሞ ዓረቦች ቡና መጠጣት ከመጀመራቸው በፊት የነበረ ቃል ነው። በድሮ ግጥሞቻቸው ውስጥ ከወይን ጠጅ ስሞች አንዱ ነበር፤ የቋንቋው ሊቃውንትም የምግብ ፍላጎትን ከሚቀንስ ነገር ጋር ያያይዙታል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሱፊ የሚባሉት የየመን የእስልምና መናንያን ለሌሊት ዚክር (ፈጣሪን ማወደሻ) ነቅተው ለማደር ቡና መጠጣት ሲጀምሩ የቆየው ስም ለአዲሱ መጠጥ ተሰጠ። በወይን ጠጅ ላይ የነበረ ስም ከካፋ ሊመጣ የሚችለው እንዴት ነው?

«‹ፈ›ዋስ? ካፋም ካፌም ‹ፈ› አላቸው» ይሉኛል። ወደ መጀመሪያዎቹ የአውሮፓ ጽሑፎች እንሂድ። የጀርመኗ አውግስቡርግ ሐኪም ሊዮንሃርድ ራውቮልፍ በ1573 ሶርያ ውስጥ ሐለብ ደርሶ ሰዎች ሲጠጡ ያየውን በ1582 ባሳተመው መጽሐፍ «ኻውቤ» ይለዋል። ግብፅን ያየው ጣሊያናዊው ፕሮስፔሮ አልፒኒ ደግሞ በ1592 «ካኦቫ» ብሎ ጻፈ። በሁለቱም ውስጥ «ፈ» የለችም። «ፈ» የመጣችው በኋላ፣ የቱርክኛው «ህ» እና «ቭ» በአውሮፓውያን አፍ ውስጥ ሲዋሃዱ ነው። ቃሉ ከካፋ ቢነሳ ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት የነበረባት እሷው ነበረች።

ይሄም ይቅር። ካፋዎች ራሳቸው ቡናን ምን ይሉታል? አንድ ጊዜ ቅምሻ ላይ ዓረብኛ ተናጋሪ የሆነ የቡና ገዥ የብሮሹሩን የመጀመሪያ መስመር አንብቦ ፈገግ አለና፣ ቦንጋ ተወልዶ ያደገውን ሾፌራችንን በእኔ አስተርጓሚነት ይህንኑ ጠየቀው። ሾፌሩም «ቡኖ» አለ። ላኪው ሰምቷል፤ ብሮሹሩን ግን እስከ ዛሬ አልቀየረውም።

ይህን ስናገር ካፋን የነጠቅሁ የሚመስላቸው አሉ። ተክሉና ቃሉ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የአረቢካ ቡና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ተወላጅ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ቡና መጀመሪያ የተገኘው ካፋ ማንኪራ ነው ወይስ ጅማ ጮጬ የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ለዚያ ከእኔ የተሻለ ጉሮሮ ያላቸው ሰዎች ሞልተዋል። የሚያናድደኝ እውነተኛው ክብር እጃችን ላይ እያለ የውሸቱን ማሳደዳችን ነው። ያው ራውቮልፍ መጠጡን ኻውቤ ሲል ፍሬውን «ቡኑ» ብሎታል። ዓረቦች እስከ ዛሬ ፍሬውን «ቡን» ነው የሚሉት፤ ብዙ አጥኚዎችም ይህ ቃል ከእኛ ወገን ቀይ ባሕርን እንደተሻገረ ያምናሉ። የራሳችንን ስም እዚያ ገጽ ላይ ትተን በቀህዋ እንከራከራለን!

ስለዚህ ብሮሹር የምታሠሩ ሰዎች፣ «የአረቢካ ቡና መነሻ» ብላችሁ ጀምሩ፤ ማንም አይከራከራችሁም። «ቡና» የሚለውንም በራሱ ስም አስገቡት፤ ከፍታውን፣ የታጠበ ይሁን ያልታጠበ፣ የቅምሻ ነጥቡን ቀጥሉ። ካፋን ከቃሉ ጋር ካላያያዝን እንቅልፍ አይወስደንም ካላችሁ «አንዳንዶች ያያይዙታል» በሉ። ገዥ በመጀመሪያው መስመር ከሳቀ ስለ ከፍታው የጻፋችሁትንም መጠርጠሩ አይቀርም።

«ካፌ የሚለው የአማርኛ ቃል ካፋ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው» የሚል ደግሞ አለ። ካፌ ወደ አዲስ አበባ የገባው ከማኪያቶ ጋር ከአውሮፓ ነው።

የቀረው ካልዲ ነው፤ ፍየሎቹ ቡና በልተው ሲፈነጥዙ አየ የሚባለው እረኛ። «በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተፈጸመ ታሪክ» ይሉታል። የፍየሎቹ ወሬ በጽሑፍ የተገኘው በ1671 ናይሮኒ የተባለ የማሮናይት (የሊባኖስ ክርስቲያኖች) ምሁር ሮም ላይ ባሳተመው ድርሳን ነው፤ እዚያም እረኛው ስም የለውም። ካልዲን ከብሮሹሩ አውጡት አልልም፤ ፍየሎቹ ያሻሽጣሉ። «እንደሚተረተው» የሚል ቃል መጨመር ግን ቦታ አይፈጅም።