«የእኔ ደግሞ ምን ይጻፋል?»፦ የራስን ታሪክ ስለ መጻፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቤተሰባቸውን ታሪክ የሚያሰባስቡ ሰዎችን አግዛለሁ። ጅማ ውስጥ ለብዙ ዓመት ታሪክ ስላስተማርኩ የቀድሞ ተማሪዎቼና ወላጆቻቸው ደብተር ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። ደብተሩ ላይ ሰባት ቤት ተቆጥሯል። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት፣ ሁሉም በየመስመሩ ተጽፈዋል። የባለደብተሩ ስም ጋ ሲደረስ አራት ነጥብ ይደረጋል። «እርስዎስ?» እላለሁ። «ኧረ ቲቸር፣ የእኔ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ይሉኛል። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ በሰማሁት ቁጥር ግን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ በእሱ ልጀምር። «የእኔ ሕይወት ተራ ነው፤ የሚጻፍ ነገር የለውም።»

የዛሬ ጥቂት ዓመት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ የአባቱን ወገን ስድስት ትውልድ አስቆጥሮ ጨርሷል። እሳቸውን ስጠይቅ «እኔማ ዕድሜዬን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቡና ስለቅም ኖርኩ» አሉና ዝም አሉ፤ ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰላቸው። ከቡናው ውስጥ ምን ምኑን ነበር የሚያወጡት? ጥቁሩን፣ የተሰባበረውን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ ጠጠሩን። ክፍያውስ? በኬሻ፣ በለቀሙት ልክ። የሚያጠቡ ሴቶች ልጁን የት ያደርጉት ነበር? አጠገባቸው ባዶ ኬሻ ላይ። ሴቶቹስ ከየት የመጡ ነበሩ? ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከየም፣ ከወሎ። ኦሮምኛም አማርኛም የለመዱት እዚያው ቡናው ሥር ተቀምጠው፣ አንዷ ከሌላዋ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ የጀመርነው ወሬ መሸብን። ልጁ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ከሰማው ውስጥ ግማሹ አዲስ ሆነበት። ስለ ጅማ ቡና ብዙ አንብቤያለሁ፤ ፍሬውን አንድ በአንድ በእጇ የለቀመች ሴት ቀኗን እንዴት እንደምትውል የነገረችውን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በእጄ ይዤ አላውቅም።

ሴቶችን በተለይ የማነሳው በምክንያት ነው። የዘር ቆጠራችን «እገሌ የእገሌ ልጅ» እያለ በአባት ወገን ይወርዳል። ስማችንም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ እናት የለችበትም። ጉሚቲን የምናስታውሳት የዳግማዊ አባ ጅፋር እናት ስለሆነችና በቤተ መንግሥቱ ኃያል ስለነበረች ነው። የእርስዎን እናት ግን ራሷ ካልተናገረች ማን ያነሳታል?

በራሴ ቤት የደረሰውን ልንገርዎ። እናቴ በሕይወት ሳለች ሁለት ደብተር እስኪሞላ ጠይቄያታለሁ፤ ስለ አባቷ፣ ስለ አያቷ፣ ጣሊያን ሲመጣ ከብታቸው ምን እንደሆነ። ካረፈች በኋላ ልጄ «አያቴ ከወሊሶ ጅማ እንዴት መጣች?» አለችኝ። በስንት ዓመቷ? ከማን ጋር? ጊቤን በምን ተሻገረች? የመጀመሪያዋን ሌሊት ማን ቤት አደረች? ሁለቱንም ደብተር ገለባብጬ አንድ መስመር አጣሁ። የአያቷን በቅሎ ቀለም ጽፌያለሁ። የታሪክ አስተማሪ ሆኜ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችውን ሰው ሳልጠይቃት ቀረሁ። እርሷም «የእኔ ምን ይጠየቃል» ባይ ስለነበረች ራሷ አላነሳችውም።

«ስለ ራስ መጻፍ ራስን መካብ ነው» የሚሉኝ ደግሞ አሉ። ይህ ከጨዋነት የመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ፤ ስህተት መሆኑ ግን አይቀርም። ያዩትን፣ የሠሩትን፣ የተሳሳቱትን መናገር ምስክርነት ነው። አንድ አዛውንት «እኔ» ማለት ከብዷቸው «በዚያን ጊዜ የነበረ አንድ ሰው» እያሉ ስለ ራሳቸው ሁለት ገጽ ጻፉ። ይሁን አልኳቸው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ራሳቸው «እኔ» ማለት ጀመሩ።

«ሳረጅ እጽፈዋለሁ።» ማን ዋስ ሆነዎት?

«ከልደቴ ጀምሬ በቅደም ተከተል መጻፍ አለብኝ።» የለብዎትም። ዛሬ ትዝ ባለዎት ይጀምሩ፤ መደርደሩ ኋላ ይደርሳል።

«አማርኛዬ ለጽሑፍ አይሆንም።» በሚያወሩበት ይጻፉ። በኦሮምኛ የመጣልዎትን በኦሮምኛ፣ በየም ቋንቋ የመጣልዎትን በየም ቋንቋ። ሁለት ቋንቋ ከተቀላቀለም አያርሙት፤ የጅማ ሰው እንደዚያ ነው የሚያወራው።

«ቀኑን ካላወቅኩ ታሪክ አይሆንም» የሚለው ብዙ ሰው ብዕሩን እንዲያስቀምጥ አድርጓል። ቀኑ ከጠፋ አገር በሚያውቀው ዓመት ላይ ያስሩት። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በ1928፣ የወጣው በ1933 ነው። ለውጡ 1966፣ የመሬት አዋጁና ዕድገት በኅብረት 1967፣ የብር ለውጡ 1969፣ መሠረተ ትምህርት 1971፣ ደርግ የወደቀው 1983። «ብር ሲለወጥ የበኩር ልጄ ዳዴ ይል ነበር» ካሉ ልጁ የተወለደበት ዘመን ተገኘ ማለት ነው። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን ግን አይርሱ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው፤ ውጭ አገር ያደገ የልጅ ልጅ ይህን ላያውቅ ይችላል።

የቦታ ስምም እንዲሁ ያሳስታል። «ከፋ ተወለድኩ» ብለው የጻፉ አንድ አባት የልጅ ልጃቸው ቦንጋ ሄዶ ዘመድ ሲያፈላልግ ሰነበተ። እሳቸው የተወለዱት እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ነው። ጅማ በንጉሡ ጊዜ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ጊዜ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ እንደነበረች ልጁ ከየት ይወቅ? ስለዚህ ሰፈሩን፣ ወንዙን፣ ገበያውን ጭምር ይጻፉ። ሰው የሚጠራዎትንም ስም ይጨምሩ። በአገራችን ሰው በፈረሱ ስም «አባ እንዲህ» ሲባል ኖሮ ወረቀቱ ላይ ሌላ ስም ይወጣል፤ ፈላጊው ሁለት ሰው ይመስለዋል።

«ገመና አይወጣም።» ሁሉን እንዲያወጡ ማንም አላስገደደዎትም። በሕይወት ያለ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ስሙን ይተዉት፤ ወይም በፖስታ አሽገው መቼ እንደሚከፈት ከላዩ ይጻፉ። ያልሆነውን ሆነ ማለት ግን የለም።

የመጨረሻው «ስልኬ ላይ ቀድቼዋለሁ፣ በቃ» ነው። አይበቃም። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ሲሞላ ደግሞ ልጅ ቦታ ላስለቅቅ ብሎ ያጠፋዋል። የእኔ ትውልድ በካሴት የቀዳው ዛሬ ማጫወቻ አጥቷል። ድምፁን በዚያው ቀን በቴሌግራም ቢያንስ ለሁለት ልጆችዎ ይላኩ፤ አንዱ ከጅማ ውጭ የሚኖር ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ላይ ስምዎን፣ ቀኑንና ያሉበትን ቦታ ይናገሩ። ከዚያ የሚጽፍልዎ ሰው ይፈልጉና በወረቀት ያትሙት። ወረቀቱንም ከእርጥበት ይጠብቁ፤ የጅማ ክረምት ምን እንደሆነ ያውቁታል። ግድግዳ የተጠጋ ወይም መሬት ላይ ያረፈ ሣጥን ውስጥ አያስቀምጡ፤ ይሻግታል። ዝናቡ ሲያባራ አውጥተው ጥላ ሥር ያናፍሱት።

ፎቶዎችንም ጀርባቸው ላይ በእርሳስ፣ ሳይጫኑ ይጻፉባቸው። ሙሉ ስም ይሁን። እኛ ቤት ካሉት አንዱ ጀርባ ላይ «እማዬ፣ ሰርቦ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሰርቦ ከጅማ ብዙም የማትርቅ ከተማ ናት። የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ፣ እማዬም የማን እናት እንደሆነች ከአምስታችን እህትና ወንድም የሚያውቅ የለም።