የሴቶች ጎልፍ «ሜጀር» ምንድን ነው?

የሴቶች ጎልፍ ዜና በአማርኛ ሲነገር ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው፦ «እገሊት ሜጀር አሸነፈች»። ደሴ ላይ ስፖርት የማስተምራቸው ልጆች በዚህ አይረኩም። የምን ዋንጫ ነው? ማን ይሳተፋል? ከሌላው ውድድር በምን ይበልጣል? ተገቢ ጥያቄ ነው። እግር ኳስ የዓለም ዋንጫ አለው። ጎልፍ ኦሎምፒክ ውስጥ ቢኖርም ተጫዋቾቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያልሙት ሜጀርን ነው፤ ስማቸውም የሚመዘነው ባሸነፉት ሜጀር ብዛት ነው።

በሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ዛሬ ሜጀር የሚባሉት አምስት ናቸው፦ የሼቭሮን ሻምፒዮና፣ የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን፣ የሴቶች ፒጂኤ ሻምፒዮና፣ ፈረንሳይ ውስጥ የሚካሄደው ኤቪያን ሻምፒዮና እና የብሪታንያው የሴቶች ኦፕን። ማዕረጉን የሚሰጠው በ1950 ዓ.ም. 13 ሴት ተጫዋቾች የመሠረቱት ማኅበር፣ ኤልፒጂኤ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የተሰጠ ማዕረግ ደግሞ ሊነሳ ይችላል። ካናዳ ውስጥ ይካሄድ የነበረው ዱ ሞሪዬ ክላሲክ ከ1979 እስከ 2000 ሜጀር ነበር። ስፖንሰሩ የሲጋራ ኩባንያ ስለነበር አገሪቱ የትምባሆ ማስታወቂያን ሕግ ስታጠብቅ ገንዘቡ ቆመ፣ በ2001 ቦታውን የብሪታንያው ኦፕን ወሰደ። ኤቪያን የተጨመረው በ2013 ነው።

ከአምስቱ የኔ ልብ ያለው የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን ላይ ነው። ሜጀር ምን እንደሆነ ለልጆቹ ሳስረዳም የምጀምረው ከሱ ነው። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ነው። በ1946 ዋሽንግተን ግዛት ስፖካን ከተማ ላይ ተጀመረ፤ ያን ዓመት ያሸነፈችው ፓቲ በርግ 5,600 ዶላር የሚያወጣ የጦርነት ቦንድ ተሸለመች። በርግ በጠቅላላው 15 ሜጀር አሸንፋለች፤ እስከ ዛሬ የደረሰባት ሴት የለችም። ከ1953 ጀምሮ ውድድሩን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ነው።

አጨዋወቱን ወሎ ውስጥ ገና ሲጫወቱ ያየ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ጫፉ የቆለመመ ዱላ አለ፣ የምትመታ ትንሽ ኳስ አለች፣ ሰፊ ሜዳ አለ። ገና ላይ ግን እሩሯን ለመንጠቅ የሚሻማ ባላጋራ አለ። ጎልፍ ላይ ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች፣ ማንም አይነካትም፣ ተጫዋቿ ብቻዋን አስባ ትመታለች። ሜዳው 18 ጉድጓዶች አሉት። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ጎበዝ ተጫዋች ሊበቃት የሚገባ የምት ቁጥር ተወስኗል፤ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ነው፣ ፓር ይባላል። በአንድ ምት ያነሰ በርዲ፣ በአንድ ምት የበለጠ ቦጊ ነው። ውድድሩ ከሐሙስ እስከ እሑድ አራት ቀን ይፈጃል፣ 18ቱ ጉድጓድ በየቀኑ ይደገማል፣ ድምሩ 72 ይሆናል። 156 ሴቶች ይጀምራሉ። ከሁለት ቀን በኋላ 60ዎቹ እና ከ60ኛዋ ጋር እኩል የሆኑት ይቀጥላሉ፣ ሌሎቹ ወደ ቤታቸው። በመጨረሻ ያሸነፈችው ትንሽ የመታችው ናት።

ሜዳው በየዓመቱ ይለወጣል፤ አዘጋጆቹም ሆነ ብለው ያከብዱታል። ዳር ዳሩን ሣሩን ያሳድጉታል፤ ጉድጓዱ ያለበትን ግሪን ግን ኳስ እስኪንሸራተትበት ድረስ አሳጥረው ያጭዱታል። በ2005 የተካሄደው ዴንቨር አጠገብ፣ ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነበር። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ከለመዱት በላይ ይርቃል፣ ርቀት መገመት ያስቸግራል። (2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ብትሆን ደግሞ የባሰ ነበር።) ያን ዓመት ደቡብ ኮሪያዊቷ በርዲ ኪም በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ጉድጓድ፣ ከአሸዋ ውስጥ የመታችው ኳስ ቀጥ ብሎ ጉድጓድ ገባ፤ ዋንጫውንም ወሰደች።

ይህን ውድድር ከፍ አድርጌ የማየው ግን በክብደቱ ብቻ አይደለም፣ በሩ ክፍት ስለሆነ ነው። ማንኛዋም ፕሮፌሽናል ሴት ልትመዘገብ ትችላለች። ለገንዘብ የማትጫወት አማተርም ችሎታዋ የተወሰነው ደረጃ ከደረሰ ትችላለች። ስም የሌላት በማጣሪያ ታልፋለች፤ ማጣሪያው በአንድ ቀን 36 ጉድጓድ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ። በ1967 ፈረንሳዊቷ ካትሪን ላኮስት አማተር ሆና አሸነፈች፤ ከሷ በቀር ይህን ያደረገች አማተር የለችም። በ2003 ደግሞ ሂላሪ ለንኪ ሁለት ማጣሪያ አልፋ መጣች። አራቱ ቀን አልቆ ከሁለት ሴቶች ጋር እኩል ሆነች። በማግስቱ ሌላ 18 ጉድጓድ ተጫወቱ። በመጨረሻው ጉድጓድ ከሁለቱ አንዷ፣ አንጀላ ስታንፎርድ፣ በርዲ አስገባች፤ ለንኪም እዚያው ላይ በርዲ አስገብታ በአንድ ምት አሸነፈች። በኤልፒጂኤ ውድድሮች ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሌላ ድል የላትም።

አሁን ወደ 1998 ልውሰዳችሁ፤ ልጆቹ ደግሞ ደጋግመው የሚያስተርኩኝ ይህን ነው። ቦታው ዊስኮንሲን፣ ብላክዎልፍ ራን የሚባል ሜዳ። ደቡብ ኮሪያዊቷ ሴ ሪ ፓክ ዕድሜዋ 20 ነው። ከዓመት በፊት በጀመረው የገንዘብ ቀውስ አገሯ ክፉኛ ተጎድታለች፣ ስንቱ ከሥራው ተፈናቅሏል። ሜዳው ከመክበዱ የተነሳ ፓክ ከፓር 6 ምት በላይ መትታ እንኳ አንደኛ ናት። እሑድ ማታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ አማተር ጄኒ ቹዋሲሪፖርን 12 ሜትር ከሚሆን ርቀት ኳሷን ጉድጓድ ከተተችና እኩል ሆኑ። ሰኞ 18 ጉድጓድ እንደገና ጀመሩ። በአሥራ ስምንተኛው ላይ የፓክ ኳስ ወደ ግራ ተስቦ ኩሬው ዳር፣ ቁልቁለቱ ሣር ውስጥ ቀረ። አንድ ምት ቅጣት ተቀብላ ኳሱን ወደ ተሻለ ቦታ ማውጣት ትችል ነበር። ጫማዋንና ካልሲዋን አወለቀች፣ ውኃው ውስጥ ገብታ ቆመች፣ መታች፤ ኳሱ ወጣ። 18ቱም አልለያቸውም፣ ሁለት ተጨማሪ ጉድጓድ ያስፈልግ ነበር። በጠቅላላው 92 ጉድጓድ ከተጫወቱ በኋላ ፓክ በርዲ አስገብታ አሸነፈች።

ኮሪያ ውስጥ ያን ጊዜ ሊነጋ ሲል ነው፤ ሕዝቡ በቴሌቪዥን አየ። ካዩት አንዷ አሥር ዓመት ሊሞላት የደረሰ ልጅ፣ ኢንቢ ፓርክ ነበረች። ከዚያ በኋላ ዱላ ያዘች። በ2008 በ19 ዓመቷ ይህንኑ ውድድር አሸነፈች፣ በኋላም ሜጀሮቿን ሰባት አደረሰች። እሷን የመሰሉ ሌሎችም እየተከታተሉ መጡ፤ «የሴ ሪ ልጆች» ይሏቸዋል። በ2021 ዩካ ሳሶ ለፊሊፒንስ ስታሸንፍ ዕድሜዋ ፓርክ በ2008 ከነበራት ጋር በቀን እንኳ ልዩነት አልነበረውም። ሳሶ በ2024 ለጃፓን ደገመችው፤ እናቷ ፊሊፒናዊት፣ አባቷ ጃፓናዊ ናቸው።

ቤብ ዘሃሪያስን ሳልጠቅስ ማለፍም አልችልም። በ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በጦር ውርወራና በ80 ሜትር መሰናክል ወርቅ ያገኘች አትሌት ናት፤ ወደ ጎልፍ የመጣችው በኋላ ነው። በ1953 የአንጀት ካንሰር ቀዶ ጥገና ተደረገላት። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የሴቶች ኦፕንን በ12 ምት ልዩነት አሸነፈች። በ1956 አረፈች።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በ2024 ጠቅላላ ሽልማቱ 12 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከዚህ 2.4 ሚሊዮኑ የሳሶ ነው። በዚያው ዓመት የወንዶቹ ኦፕን ሽልማት 21.5 ሚሊዮን ነበር። ሜዳውም ላይ እንዲሁ ነው። ካሊፎርኒያ የሚገኘው ዝነኛው ፔብል ቢች የወንዶቹን ውድድር ስድስት ጊዜ ካስተናገደ በኋላ ነው በ2023 ለሴቶቹ የተከፈተው። ይህ ያናድደኛል። ጉድጓዱ እንደሆነ ሴት መታችው ወንድ መታው አይሰፋም።

ማየት ለምትፈልጉ፦ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ግንቦት ማለቂያ ላይ ይውላል። የሰዓቱ ልዩነት ስላለ የእሑዱ ፍጻሜ እኛ ጋ ሌሊት ነው፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ጀምሮ ነቅቶ መጠበቅ ያሻል። ሰሌዳው ላይ ከስሟ ጎን የመቀነስ ምልክት ያለባት ከፓር በታች ናት፣ የመደመር ምልክት ያለባት ከፓር በላይ። ሁለት ሴቶች እኩል ከሆኑ አትተኙ። ከ2018 ወዲህ 18 ጉድጓድ መድገም ቀርቷል፤ እዚያው ሁለት ጉድጓድ ተጫውተው ድምራቸው ይታያል፣ ካልለየላቸው እስኪለይ ይቀጥላሉ።